ሊዮን በአንድ ቀን፦ ዳገቱን ለባቡር፣ ቁልቁለቱን ለእግር

የፈረንሳይዋን ሊዮንን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘኋት በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ከወንዙ ዳር ተነስቼ፣ ቦርሳ አዝዬ፣ ወደ ፉርቪየር ኮረብታ በደረጃ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ኮረብታ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሳይ አመሸሁ።

በሁለተኛው ጉዞ ነገሩ ገባኝ። ሊዮን ሁለት ኮረብታና ሁለት ወንዝ ያላት ከተማ ናት። ሁለቱም ኮረብታዎች ላይ የሚወጣ ባቡር አለ። ስለዚህ ዳገቱን ለባቡር ትተዋላችሁ፤ እግራችሁን ለቁልቁለቱ ታስቀራላችሁ። ይህ ጉልበት ከማዳን ያለፈ ጥቅምም አለው። ከተማዋ ራሷ ያደገችው በዚሁ መንገድ ነው። ሮማውያን ኮረብታው አናት ላይ ሠሩ። በመካከለኛው ዘመን ከተማው ወርዶ ወንዙ ዳር ሰፈረ። ቀጥሎ ወንዙን ተሻገረ። ከላይ ጀምራችሁ ከወረዳችሁ ታሪኩ በተራው ይመጣላችኋል፤ ከታች ከጀመራችሁ ግን መጽሐፍ ከኋላ እንደማንበብ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሰኞ አትሂዱ። የሮማውያኑ ሙዚየም ዝግ ነው፤ የጠዋት ገበያዎቹም አይቆሙም። ማክሰኞ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ይዘጋል፤ በአንድ ቀን እሱ ውስጥ ስለማንገባ ግን ግድ የለም።

ጫማ ላይ አትሟገቱ። አሮጌው ከተማ ኮብልስቶን ነው፤ እሱም የተስተካከለው ዓይነት አይደለም። ለፎቶ ብላችሁ ተረከዝ ያለው ጫማ ካደረጋችሁ ከቀትር በፊት ታወልቁታላችሁ።

ሰዓቱን እዚህ የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። በር ላይ «14» ተብሎ ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ዓመቶቹ ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

ከፓሪስ የምትመጡ ከሆነ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የሚነሳበት የፓሪስ ጣቢያ ስሙ «ጋር ደ ሊዮን» ነው። ሊዮን የደረሰ መስሎት እዚያው ፓሪስ የሚደናገር ሰው አይጠፋም። ሊዮን ውስጥ የምትወርዱት «ፓር ዲዩ» ጣቢያ ነው። ከዚያ በሜትሮ ቢ እስከ ሳክስ ጋምቤታ፣ ቀጥሎ በሜትሮ ዲ እስከ ቪዩ ሊዮን። የቀን ሙሉ ቲኬት ብትገዙ ይሻላል፤ ሜትሮውንም ኮረብታው ላይ የሚወጣውን ባቡር፣ ፉኒኩላሩንም በአንዱ ትሄዱበታላችሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቪዩ ሊዮን ጣቢያ ከደረሳችሁ ቀኑ ይበቃችኋል።

1. በሲባጎው ውጡ

ከሜትሮው ሳትወጡ የፉኒኩላሩን ምልክት ተከተሉ። በገመድ የሚጎተት አጭር ባቡር ነው። የከተማው ሰው «ፊሴል» ይለዋል፤ ሲባጎ እንደማለት። ሁለት መስመር ስላለው አንብባችሁ ግቡ። አንዱ ሴን ዡስት፣ ሌላው ፉርቪየር ይላል። የእናንተው ፉርቪየር የሚለው ነው። ጥቂት ደቂቃ በዋሻ ውስጥ ሽቅብ ይሄድና ባዚሊካው ፊት ለፊት ያወጣችኋል።

2. ባዚሊካውና ሰገነቱ

ነጩ ቤተ ክርስቲያን አራት ግንብ አለው። ሊዮኖች «የተገለበጠ ዝሆን» ብለው ይቀልዱበታል። ራቅ ብላችሁ ስታዩት እውነትም አራት እግሩን ወደ ሰማይ የሰቀለ ዝሆን ይመስላል። የተሠራው በስለት ነው። በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ሲነሳ የከተማው ምእመናን እመቤታችንን «ከተማችንን ካተረፍሽልን» ብለው ተሳሉ። ጠላት ሊዮን ሳይደርስ ቀረ። ግንባታው በ1872 ተጀመረ፤ በ1896 ተባረከ። ውስጡ ወርቅና ሞዛይክ የበዛበት ስለሆነ ለእኔ ትንሽ ያፍነኛል። ከሥሩ ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል።

አጠገቡ ባለው አሮጌ የጸሎት ቤት አናት ላይ የወርቅ ቀለም ያላት የማርያም ሐውልት ቆማለች። በ1852 ታኅሣሥ 8 ቀን (በፈረንጆቹ) ልትመረቅ ስትል ማዕበል ተነስቶ ዝግጅቱ ሊበላሽ ነበር። ሰዉ በየመስኮቱ ሻማ አበራ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን ሻማ በመስኮት ይደረደራል፤ ከተማዋም ለቀናት በብርሃን ትርዒት ትጥለቀለቃለች። ያኔ ከሄዳችሁ ይህን መመሪያ እርሱት፤ መንገዱ ላይ መራመድ ቀርቶ መቆምም ይከብዳል።

አሁን ወደ ሰገነቱ። እዚህ ሩብ ሰዓት ቆዩ፤ የቀኑ ካርታ ከፊታችሁ ተዘርግቷል። ከሥራችሁ ያለው ጣሪያው ቀላ ያለ ሰፈር አሮጌው ከተማ ነው። ቀጥሎ ያለው ቀጭን ወንዝ ሶን፣ ራቅ ያለው ሮን ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ምላስ የገባው መሬት ፕረስኪል ይባላል። በግራ በኩል ፊቱን ያዞረላችሁ ኮረብታ ክርዋ ሩስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነን። ሰማዩ ጥርት ካለ የሞን ብላን ተራራም ከሩቅ ይታያል።

ሊዮኖች የቆማችሁበትን «የሚጸልየው ኮረብታ» ይሉታል። ያኛውን ደግሞ «የሚሠራው ኮረብታ»።

3. የሮማውያኑ ቲያትር

ከባዚሊካው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ሊዮን በ43 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሉግዱኑም ተብላ ተቆረቆረች፤ ኋላም ሮማውያን ጎል ይሉት የነበረው ምድር፣ የዛሬው ፈረንሳይና አካባቢው፣ ዋና ከተማ ሆነች። ትልቁ ቲያትር የተጀመረው በ15 ዓመተ ዓለም አካባቢ ሲሆን ወደ 10,000 ሰው ይይዝ ነበር። ጎኑ ያለው አነስተኛው ለሙዚቃና ለንግግር ነበር። የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡና ውሃ ጠጡ። በሰኔና በሐምሌ እዚሁ የሙዚቃ ድግስ ስለሚኖር መድረኩ በብረትና በመብራት ሊሸፈን ይችላል።

ሙዚየሙ በ1975 የተከፈተ ሲሆን ኮረብታው ውስጥ ተቀብሮ ነው የተሠራው፤ ከውጭ የሚታዩት ቲያትሩን የሚያዩ ሁለት መስኮቶች ናቸው። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። 40 ደቂቃ ስጡትና አንድ ነገር ፈልጉ፦ የቀላውዴዎስ የነሐስ ሰሌዳ። ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ የተወለደው እዚሁ ሊዮን ነው። በ48 ዓመተ ምሕረት የሮም ሸንጎ ፊት ቆሞ የጎል ሰዎችም ሸንጎው ውስጥ ይግቡ ብሎ ተከራከረ። ንግግሩ ነሐስ ላይ ተቀረጸ። ጠፍቶ ኖሮ በ1528 ክርዋ ሩስ ላይ ተገኘ። ይቺን ሰሌዳ ያዙልኝ፤ ማታ እንመለስባታለን።

4. ውረዱ

በቲያትሩ የታችኛው በር ወደ ሩ ደ ላንቲካይ ውጡ («ሩ» መንገድ ማለት ነው)። ወደ ግራ ሄዳችሁ ሞንቴ ሴን ባርተሌሚ የሚባለውን ቁልቁለት ያዙ። ትንሽ እንደወረዳችሁ በቀኝ ሞንቴ ዴ ሻዞ የሚል ደረጃ አለ። 228 እርከን ነው። እኔ ያን ቀን የወጣሁት ይሄንኑ ነበር። ሽቅብ የሚመጡትን ሰዎች ፊት እያያችሁ ስትወርዱ ትንሽ ደስ ይላችኋል፤ ምን ይደረግ።

5. አሮጌው ከተማና ትራቡሎቹ

ደረጃው የሚጥላችሁ ሩ ዱ በፍ ላይ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አታጥፉ የሚላችሁን አትስሙ።

ሰፈሩ በኮረብታውና በሶን ወንዝ መካከል ተጣቦ የተሠራ ነው። መንገዶቹ በሙሉ ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የሚያቋርጥ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሰው ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገር? በቤቶቹ ሆድ ውስጥ። በር ትከፍታለህ፣ ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ትገባለህ፣ ግቢ ታገኛለህ፣ ሌላ መተላለፊያ፣ ከዚያ ሌላ መንገድ ላይ ብቅ። ይህ ነው ትራቡል። ስሙ የመጣው «አቋርጦ መሄድ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። በከተማው በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ፤ ለእንግዳ ክፍት የሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው፦

በሩ አጠገብ ትራቡል መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ ሰሌዳ ፈልጉ። በሩን ገፋ አድርጉት። ካልተከፈተ ከደወሎቹ ለብቻው ያለውን፣ «ሰርቪስ» የሚል ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። ስም የተጻፈበትን እንዳትነኩ። እኔ ነክቼ አንዲት አዛውንት ከሦስተኛ ፎቅ አንገታቸውን ብቅ አድርገው የነገሩኝን ፈረንሳይኛ ባይገባኝም መልእክቱ ገብቶኛል። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ስትገቡ ድምፃችሁን ቀንሱ፤ ደረጃ አትውጡ፤ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። አንዳንዶቹ ከቀትር በኋላ ስለሚዘጉ ጠዋት መምጣታችሁ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያችሁ ሩ ዱ በፍ ቁጥር 27 ይሁን። በሰፈሩ ረጅሙ ነው። ግቢ ለግቢ አቋርጦ ሩ ሴን ዣን ቁጥር 54 ላይ ያወጣችኋል። ባይከፈት ዞራችሁ በወዲያኛው በር ሞክሩ። በመቀጠል ሩ ዱ በፍ ቁጥር 16 ግቢ ውስጥ ያለውን ሮዝ ቀለም ያለው ግንብ እዩ። ግንቡ ደረጃ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጣሊያን የመጡ ባንከሮችና ነጋዴዎች ሀብታቸውን የሚያሳዩት ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ግቢ ነበር። ስለዚህ የመንገዱን ፊት ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ሊዮንን አላየም።

ይህ ሰፈር ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቆሻሻና ድሃ ሰፈር ተብሎ፣ በመሃሉ መኪና መንገድ ሊሰነጠቅበት ታስቦ፣ ነዋሪዎች ተከራክረው አስቀሩት። በ1964 በፈረንሳይ በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው አሮጌ ሰፈር ሆነ። በ1998 ዩኔስኮ መዘገበው።

ሩ ሴን ዣንን ወደ ደቡብ ስትይዙ ካቴድራሉ ይመጣል። ፊቱ ላይ ባሉት ሦስት በሮች ዙሪያ ከ300 በላይ ትናንሽ ቅርጾች አሉ፤ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ብዙ ሐውልቶች አንገት የላቸውም። በ1562 ከተማዋን የያዙ የፕሮቴስታንት ወታደሮች ናቸው የቆረጡት። ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1600 ማሪ ደ ሜዲሲን ያገባው እዚህ ነው። ውስጥ ያለው የከዋክብት ሰዓት በሰነድ የተጠቀሰው በ1383 ነው። ሰዓቱ ፊት የቆመ ሰልፍ ካያችሁ ግን እለፉት፤ ረሃቡ መጥቷል።

6. ምሳ፣ ከ8 ሰዓት በፊት

የሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤት ቡሾን ይባላል። ምሳ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። እኔ አንድ ቀን 8 ከሩብ ላይ ደርሼ፣ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው፣ በትህትና ተመለስኩ። ማእድ ቤቱ ተዘግቷል አሉኝ። አትከራከሩ፤ አይሰሙም።

ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር»። ሰላም ሳይሉ ጥያቄ መጀመር እዚያም እንደኛው ነውር ነው። ውሃ በጠርሙስ ካልፈለጋችሁ «ዩን ካራፍ ዶ» በሉ፤ ከምግብ ጋር የቧንቧ ውሃ በነጻ ይመጣል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። የሊዮን ምግብ በአሳማ ላይ የቆመ ነው። ሰላጣ ስትሉ እንኳ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ጣል ይደረግበታል። አንዱዬት የሚባለው ቋሊማ በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ነው። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ብትሆኑ «ሳን ፖር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ዱለት የሚወድ ሰው ታብልዬ ደ ሳፐርን ይሞክር፤ የበሬ ጨጓራ በዳቦ ፍርፋሪ ተጠቅልሎ የተጠበሰ ነው። ለዘብ ያለ ለሚፈልግ ከኔል አለ፤ ከወንዝ ዓሣ፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ይሠራል። ስሙ ዓሣ ነው ብላችሁ ለጾም እንዳትበሉት። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነባችሁ ቡሾኑን ተዉት። የሶንን ወንዝ ተሻግሮ ሴን አንትዋን የሚባል የወንዝ ዳር ገበያ ጠዋት ይቆማል። ፍራፍሬና ትኩስ ዳቦ ይዛችሁ ወንዙ ዳር መቀመጥ ከምግብ ቤቱ አያንስም።

ለጣፋጭ ሮዝ ቀለም ያለውን የፕራሊን ታርት። ለአንድ ሰው አንድ ይበዛል።

7. ወንዙን ተሻገሩ፣ ፈጠን በሉ

ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው ድልድይ ስትሻገሩ ፕላስ ቤልኩር ናችሁ። ሰፊ፣ መሬቱ ቀይ፣ ጥላ የሌለው አደባባይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። መሃሉ ላይ ሉዊ 14ኛ በፈረስ ተቀምጧል። የቀድሞው ሐውልት በአብዮቱ ጊዜ ፈርሶ ይሄኛው በ1825 የቆመ ነው። ሊዮኖች ቀጠሮ ሲይዙ «ከፈረሱ ጅራት ሥር» ይላሉ። ቀራጺው እርካብ መሥራት ረስቶ ራሱን አጠፋ የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። ተረት ነው፤ ሮማውያን እርካብ አልነበራቸውም፣ እሱም የሠራው በእነሱ ደንብ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን በእግር ወደ ፕላስ ዴ ቴሮ። በመንገዳችሁ ሮን ወንዝ ዳር ያለው ግዙፍ ሕንጻ ኦቴል ዲዩ ነው። እስከ 2010 ሆስፒታል ነበር፤ አሁን ሱቅና ካፌ ሆኗል። ቴሮ አደባባይ ላይ አራት ፈረሶች የሚጎትቱት ፏፏቴ አለ። የኒውዮርኩን የነጻነት ሐውልት የሠራው ባርቶልዲ ለቦርዶ ከተማ ያሰበው ነበር፤ መጨረሻ ላይ የገዛችው ሊዮን ሆነች።

እዚህ ቡና ጠጡ። ቡናውን ስትጠጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐረር ላይ በስሙ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1880 ወደዚያ የሄደው ለአንድ የሊዮን የንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው። ሥራው የሐረርን ቡናና ቆዳ መግዛት ነበር።

8. ሁለተኛው ኮረብታ፣ አሁንም በባቡር

ከአደባባዩ ጀርባ ኦቴል ደ ቪል ከሚባለው ጣቢያ ሜትሮ ሲን ያዙ። ሐዲዱን በጥርስ እየነከሰ ሽቅብ የሚወጣ ባቡር ነው። ክርዋ ሩስ ላይ ውረዱ። ከ10 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ጥሩ ነው።

ይሄ የሸማኔዎች ኮረብታ ነው። የሐር ሠራተኞቹ ካኑ ይባሉ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዣካር የሚባል የሊዮን ሰው በቀዳዳ ካርቶን የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሳል፣ ከሌለ አይነሳም። ኮምፒውተርም ዘሩን ሲቆጥር እዚህ ይደርሳል። መሣሪያው ወደ አራት ሜትር ይረዝማል። የኛ ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ የሊዮኑ ደግሞ ጣሪያ ወደ ላይ ፈለገ። ለዚህ ነው የሰፈሩ ቤቶች ጣሪያቸው የራቀ፣ መስኮታቸው የረዘመ። ሩ ዲቭሪ ቁጥር 10 ያለው የካኑዎች ቤት መሣሪያው ሲሠራ ያሳያል። የማሳያ ሰዓቱን ቀድማችሁ እዩ። ሽሮ ሜዳ የሽመና ድምፅ ሲሰማ ያደገ ሰው መወርወሪያው ሲመታ ወዲያው ያውቀዋል።

በኅዳር 1831 ካኑዎቹ ለጨርቁ ዝቅተኛ ዋጋ ይቆረጥልን አሉ። ዋጋው ተቆረጠ፤ ብዙ ነጋዴዎች ግን አልተቀበሉትም። ሠራተኞቹ ከዚህ ኮረብታ ወርደው ከተማዋን ለቀናት ያዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው። መንግሥት ጦር ልኮ መልሶ ያዛት። በ1834 ደግመው ተነሱ፤ ያኔ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ።

ከጣቢያው በሰፊው መንገድ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ ጫፉ ላይ አንድ ግራጫ ቋጥኝ ተቀምጧል። ግሮ ካዩ ይባላል፤ ትልቁ ድንጋይ። ለባቡር ዋሻ ሲቆፈር የወጣ ነው። ከአልፕስ ተራሮች እዚህ ድረስ ያመጣው የበረዶ ግግር ነው። ሮን ከሥር ይታያል።

9. የመጨረሻው ቁልቁለት

ከድንጋዩ ወደ ታች ወደ ፕላስ ኮልቤር ውረዱ። ቁጥር 9 ግቡ። ኩር ዴ ቮራስ ነው፤ ስድስት ፎቅ የድንጋይ ደረጃ ግቢው ውስጥ ተንጠልጥሏል። የጠዋቶቹ ትራቡሎች የባለጸጋ ናቸው፤ ይሄኛው የላብ አደር ነው። ጌጥ የለውም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይሄ ነው። ሸማኔዎቹ ጥቅል ሐር ተሸክመው ዝናብ ሳይነካቸው የሚወርዱት በእንዲህ ያለው መንገድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የናዚን ወረራ የሚታገሉ ሰዎች ትራቡሎቹን መሰወሪያ አደረጓቸው።

በታችኛው በር ሩ ኤምቤር ኮሎሜስ ላይ ውጡ። ከዚያ አንድ መንገድ ዝቅ በሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን የመንገድ ስም አንብቡ፦ ሩ ዴ ታብል ክሎዲየን። የቀላውዴዎስ ሰሌዳዎች መንገድ። ጠዋት ያያችኋት ነሐስ የተገኘችው በዚህ ኮረብታ ላይ ነው።

መንገዱን ወደ ምዕራብ ስትይዙ የሦስቱ ጎሎች አምፊቲያትር ይመጣል። የተሠራው በ19 ዓመተ ምሕረት ነው። ግማሹ መኪና መንገድ ሥር ቀርቷል፤ የቀረውም ከአጥር ውጭ በደንብ ይታያል። መሃሉ ላይ አንድ እንጨት ቆሟል። በ177 የሊዮን ክርስቲያኖች እዚህ ለአውሬ ተሰጡ። ከመካከላቸው ብላንዲን የምትባል ባሪያ ነበረች። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጳጳሳቸው ጶቲኖስ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። እሳቸውን የተኩት ቅዱስ ሄሬኔዎስ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ማታ ማታ እዚህ ሰው የለም። ከአጥሩ ጎን ዝቅ ያለ ግንብ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ጫማችሁን ፈታ አድርጉ። ከዚህ ቴሮ አደባባይ ድረስ አምስት ደቂቃ ቁልቁለት ነው። ለባቡር የምትቸኩሉ ከሆነ ከኦቴል ደ ቪል ሜትሮ ኤን እስከ ሻርፔን፣ ከዚያ ቢን እስከ ፓር ዲዩ ያዙ።